አራቱ ዲስኮቼ

ጥቅምት 6

ሥራ ገባሁ። የሰርቨር ክፍሉ ማቀዝቀዣ እንደ ወትሮው ያንጠባጥባል። ባልዲው ሞልቷል፤ ደፋሁት። በዚህ ሬዲዮ ጣቢያ አሥራ አራት ዓመት ሠርቼ በእርግጠኝነት የምችለው ሥራ ባልዲ መድፋት ነው።

አዲሱ የዲስክ ሳጥን ዛሬ መጣ። የስድስት ሰው ሸክም። ሊፍቱ አልችልም ስላለ በደረጃ ወጣ። እኔ ከኋላ ሆኜ "ቀስ… ቀስ…" እያልኩ አዘዝኩ። ጣቴን አላስነካሁም፤ ላብ ግን ከሁሉም በላይ ያጠመቀው እኔን ነው። እንዴት ነው ነገሩ?

ከድምፅ ማኅደር እትዬ ወርደው አዩት። ስድስት ዓመት ሙሉ አሮጌ የቴፕ ጥቅሎችን አንድ በአንድ እያጫወቱ ወደ ኮምፒውተር ሲያስገቡ የኖሩ ሴት ናቸው። አሥራ አንድ ሺህ ድምፅ። ሁሉም አሮጌው ሳጥን ላይ ታጭቋል፤ አሮጌው ሳጥን ደግሞ በየሳምንቱ ይታመማል። "ልጄ፣ ለኔ ሰዎች ቦታ ይኖረዋል?" አሉኝ። ድምፆቹን "የኔ ሰዎች" ነው የሚሏቸው። ለልጅ ልጅ ይተርፋል አልኳቸው፣ ደረቴን ነፍቼ።

ጥቅምት 8

ሳጥኑ ሁለት ኮንትሮለር አለው። የዲስኩ በር ጠባቂዎች ማለት ናቸው፤ አንዱ ቢታመም ሌላው ይከፍታል። ከሰርቨሩ ሁለት ኬብል ወደ አንዱ፣ ሁለት ኬብል ወደ ሌላው ሰካሁ። በቀይና በሰማያዊ ማሰሪያ ለየኋቸው። እንዴት እንደሚያምር! ፎቶ አንስቼ ለባለቤቴ ላክሁላት። "ምንድን ነው?" ብላ መለሰች።

የመመሪያው መጽሐፍ ሦስት መቶ ገጽ ነው። የመጀመሪያውን ገጽ አነበብኩ። የመጨረሻውንም አነበብኩ። መሐሉ ያው… መሐል ነው። ባለፈው ሳምንት የአቅራቢው ድርጅት ኢንጂነር በስልክ "መልቲፓዝ የሚባለውን ፕሮግራም ሳይጭኑ ዲስኩን እንዳይነኩት" ብላኝ ነበር። እሺ ብያታለሁ። እሺ ማለት ምን ይከብዳል?

ሰርቨሩን ከፈትኩ። ስንት ዲስክ ታየኝ? አራት! እኛ ያዘዝነው በውስጡ ያለው ሁሉ ተጣምሮ እንደ አንድ ትልቅ ዲስክ እንዲታይ ነበር። አንድ። በጣቴ ቆጠርኩ። ደግሜ ቆጠርኩ። አራት፣ ሁሉም እኩል፣ ሁሉም ትልቅ። ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለልኩ አለቃ ቢሮ ገባሁ። ትንፋሽ አጥሮኝ መናገር ስላቃተኝ አራት ጣት አሳየኋቸው።

ጥቅምት 9

አለቃ በስብሰባ መሐል አስነሱኝ። ተጨበጨበልኝ። በአሥራ አራት ዓመት የመጀመሪያው ጭብጨባ… ቀጥ ብዬ ቆሜ ተቀበልኩት።

አንዱ ዲስክ ለድምፅ ማኅደር፣ ሁለተኛው ለዜና ክፍል፣ የቀሩት ሁለቱ ለክፉ ቀን ይቀመጡ ተብሎ ተከፋፈለ። ለአቅራቢው የምስጋና ደብዳቤ ይጻፍ ተባለ። ረቂቁን ያረምኩት እኔ ነኝ። "ስላሳያችሁን ያልተጠበቀ ደግነት" የምትለው ሐረግ የኔው ናት።

መልቲፓዝ? እሱ የትልልቅ መሥሪያ ቤቶች ጣጣ ነው አልኩ። ለማን እንዳልኩ እንጃ። የጠየቀኝ ሰው አልነበረም።

ጥቅምት 13

የድምፅ ማኅደሩ ወደ አዲሱ ሳጥን ተገልብጦ አለቀ። አራት ቀን ፈጀ። እትዬ አጠገቤ ተቀምጠው ሦስት አራቱን ከፍተው አዳመጡ። ጥርት ብሏል አሉ። አንዷን ሲሰሙ ፈገግ አሉ። ምን እንደምትል አልጠየቅኳቸውም፤ እኔ የማየው አረንጓዴዋን መብራት ነበር። ብልጭ ብልጭ ስትል ደስ ትላለች።

ጥቅምት 14

የአሮጌውን ሳጥን ዲስኮች ሙልጭ አድርጌ አጥፍቼ ለቅርንጫፍ ጣቢያው ላክሁ። ሥራ ማለት እንዲህ ነው። ንጹሕ።

ጥቅምት 15

ሁለተኛውን ዲስክ ለዜና ክፍል ላዘጋጅ ተቀመጥኩ። ፎርማት አድርግ ስለው ሰርቨሩ ጠየቀኝ… እዚህ ዲስክ ላይ ቀድሞ የተቀመጠ ነገር አለ፤ እውነት ይጥፋ? አለኝ። አሰብኩ። ምናልባት ሦስት ሰከንድ። ፋብሪካው ሲሞክረው የተረፈ ይሆናል ብዬ ይጥፋ አልኩ።

የዜና ክፍል ሰዎች ወዲያው መጠቀም ጀመሩ። እኔም በጊዜ ቤቴ ገባሁ። ልጄ የሒሳብ የቤት ሥራዋን እንዳስረዳት ጠየቀችኝ። ቁጥር ላይ አባትሽን የሚያህል የለም አልኳት።

ጥቅምት 16

ሁሉ ሰላም። ጎበዝ ነኝ።

ጥቅምት 19

እትዬ ራሳቸው መጡ። ደውለው አይደለም፣ መጡ። "ና እስቲ ስማልኝ" አሉ።

አንዲት አሮጊት አዋላጅ ናት። ስለ ሥራዋ ታወራለች፣ ለስላሳ ድምፅ። "ያን ጊዜ ውሃው እስኪሞቅ…" አለችና ጭው አለ። ቀጥሎ የኛው ስፖርት ጋዜጠኛ "ኳሷ ወደ ውጭ!" ብሎ ጮኸ። የትናንትናው ዘገባ። እንደገና ጭው… ከዚያ አዋላጇ ተመለሰች፤ ሕፃኑ ተወልዶ አልቋል።

ሳቄ መጣ። እውነቱን እንጻፍ፣ ሳቄ መጣ። የእትዬን ፊት ሳይ ዋጥኩት።

ታዲያ ምን አልኳቸው? ዓይኔን በጨው ታጥቤ፣ ምናልባት ሲገለብጡት ከሌላ ጋር ተደባልቆ ይሆናል አልኩ። የትናንት ዘገባ ከዓመታት በፊት ሊደባለቅ! እሳቸው መነጽራቸውን አወለቁ። "እኔ ስድስት ዓመት ጆሮዬን ሰጥቼበታለሁ" አሉና ወጡ።

ሌላ አሥር ከፈትኩ። አራቱ ተበላሽተዋል።

ጥቅምት 20

ለኢንጂነሯ ደወልኩ። ዲስኮቹ እርስ በርስ እየተበላሉ ነው አልኳት። ቃል በቃል እንደዚያ። እያንዳንዱ ዲስክ ረጅም መለያ ቁጥር አለው፤ የአራቱንም አንብብልኝ አለች። የመጀመሪያውን አነበብኩ። ሁለተኛውን ጀመርኩ… መሐል ላይ ድምፄ መውረድ ጀመረ። ሦስተኛው ላይ ቀስ አልኩ። አራተኛውን አላነበብኩትም።

"አንድ ዓይነት ናቸው?" አለች።

"አንድ ዓይነት ናቸው።"

"ወንድሜ፣ ስንት ዲስክ ነበር ያዘዛችሁት?"

አንድ። አንድ ነበር። ለካ ሰርቨሩ በአራት ኬብል፣ በአራት መንገድ ሄዶ ያንኑ ዲስክ አራት ጊዜ አይቶ አራት ስም ሰጥቶት ኖሯል። "እነዚህ አራቱ አንድ ናቸው" ብሎ የሚነግረው ያ መልቲፓዝ ያልኩት ነገር ነው፤ እኔ ለትልልቅ መሥሪያ ቤቶች የተውኩት። ድምፅ ማኅደሩን በአንዱ በር አስገባሁ፤ ዜናዎቹን በሌላው በር እዚያው ቤት ውስጥ አስገብቼ ቤቱን ባዶ ነው አልኩ። ይጥፋ ያልኩት የእትዬን ሰዎች ነው።

ሁሉንም አሁኑኑ ዝጋ፣ አንዲት ነገር እንዳይጻፍበት አለች። ዘጋሁ። ሌላ ቦታ ቅጂ አለ ወይ ብላ ጠየቀች። ጥቅምት 14ን አስታወስኩ። ንጹሕ። አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች አሉ… እኔን ነው።

ስልኩን ልትዘጋ ስትል፣ "የምስጋና ደብዳቤያችሁ ደርሶናል" አለች። "ምን እንዳደረግንላችሁ ስላልገባን ግድግዳ ላይ ለጥፈነዋል።"

ለባለቤቴ ነገርኳት። እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። "ታዲያ የኛ ቤት የፊትና የጓሮ በር ስላለው ሁለት ቤት አለን ልትል ነው?" አለች። ቀጥላ ግን እጄን ያዘች። መያዟ ነው የባሰው።

ጥቅምት 21

አለቃ ዘንድ ገባሁ። ተናገርኩ። ወደ መስኮቱ ዞሩ። ከዚያ መብራት ሲሄድና ሲመጣ ተበላሸ እንበል፣ ማን ይመረምረዋል? አሉ። ሐሳቡ… አልዋሽም፣ ጣፈጠኝ። ሁለት ደቂቃ ያህል ንጹሕ ሰው ሆንኩ። ከዚያ የጣቢያው ኤሌክትሪሻን ታወሰኝ። ትናንት ምሳውን አካፍሎኛል። በሱ ላይ ሊወድቅ ነው። አይሆንም አልኩ። የኔ ጥፋት ነው፣ እኔው ለእትዬ እነግራለሁ። አለቃ "እንግዲህ አንተ ታውቃለህ" አሉ። ሰው እንዲህ የሚለው እጁን ሲታጠብ ነው።

ወደ ማኅደር ክፍል ደረጃው አልወጣ አለኝ። እትዬ የቴፕ ማጫወቻውን በጨርቅ እየወለወሉ ነበር። ቁጭ በል አሉኝ። ቆሜ ልንገርዎት አልኩ። ዲስኩን፣ ኬብሉን፣ ሁለቱን ኮንትሮለር ላስረዳ ጀመርኩ… እጃቸውን አነሱ።

"አንተ ነህ?"

"እኔ ነኝ።"

"ሆን ብለህ?"

"ባለማወቅ። ማወቅ እየቻልኩ።"

ስንቱ ነው የጠፋው አሉኝ። አላውቅም አልኳቸው። ጨርቁን አጣጥፈው አስቀመጡ። ሳታውቅ ወደዚህ አትምጣ፣ ስታውቅ ና አሉ። ቢሰድቡኝ በወደድኩ።

ጥቅምት 24

ኢንጂነሯ መጣች። በስልክ ድምፅዋ ረጅም ሴት ትመስለኝ ነበር፤ ትከሻዬ አትደርስም። ሰርቨር ክፍል ገብታ ኬብሎቼን አየች። ቀይና ሰማያዊውን። "አሰካኩ ትክክል ነው፣ በጣም ያምራል" አለች። ከልቧ ነው። በዚያች ሰዓት የተነገረ ምስጋና እንዴት እንደሚያም!

ዲስኩን እንዳለ ወደ ሌላ ባዶ ዲስክ ገለበጠችና ከቅጂው ላይ የተረፈውን መልቀም ጀመረች። ቀናት ይፈጃል አለች።

የዘለልኩትን የመመሪያውን መሐል እያነበብኩ ነው። ገጽ 41። በትልቁ፣ በሳጥን ውስጥ… "አንድ ዲስክ በብዙ ስም ሊታይ ይችላል፤ አይደናገሩ።" ሳጥን ውስጥ ያስገቡት እንደ እኔ ላለው ነው።

ኅዳር 2

ታወቀ። ከአሥራ አንድ ሺህ ዘጠኝ ሺህ ሦስት መቶው ደኅና ነው። ሺህ ሰባት መቶው ተጎድቷል። ከተጎዱት አብዛኞቹ ዋና ቴፓቸው መጋዘን ስላለ እንደገና ይገለበጣሉ። ሁለት መቶ አሥራ ሁለቱ ግን የመጀመሪያው ዓመት ሥራ ናቸው። ቴፖቹን እርጥበት በልቷቸው ስለነበር ያኔውኑ ተጥለዋል። ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ሰው የለም። የትም የለም።

ወረቀቱን ይዤ ወጣሁ። እትዬ ዝርዝሩን በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ። አንዳንዱ ስም ላይ ጣታቸው ቆም ይላል። ሲጨርሱ "ከሰዓት በኋላ ሥራ አለህ?" አሉኝ። የለኝም አልኩ። ቢኖረኝም የለኝም። ሁለተኛውን ማጫወቻ እያሳዩኝ አቧራውን ጥረግ አሉ።

ኅዳር 5

ዛሬ መልቲፓዙን ራሴ አስተካከልኩ። ኢንጂነሯ እጇን አጣጥፋ ቆማ ታያለች። ፕሮግራሙን ጫንኩ። አራቱን ስሞች በመለያ ቁጥራቸው አንድ ስም ሥር ሰበሰብኩ፤ ስሙን "ድምፅ" አልኩት። ሁለቱ መንገዶች ይሠራሉ፣ በሌላው ኮንትሮለር በኩል ያሉት ሁለቱ ይጠባበቃሉ። ከዚህ በኋላ ማንም በአሮጌዎቹ ስሞች ዲስኩን እንዳይከፍት ዘጋሁ። ማንም ማለቴ… እኔ።

ለሙከራ ዘፈን እያጫወትን ኬብል ንቀል አለችኝ። አንዱን ነቀልኩ፤ ዘፈኑ ቀጠለ። ሁለተኛውን ነቀልኩ። ሁለት ሰከንድ ዝም… ጆሮዬ ጭው አለ… ቀጠለ። በሌላው በር ዞሮ ገባ። መልሼ ሰካሁ፣ በተራው ያኛውን ወገን ነቀልኩ፣ ደግሞም ቀጠለ። ሰባት ጊዜ ደጋገምኩት። ኢንጂነሯ ይበቃል አለች። እኔ አልበቃኝም።

በሌላ ሕንፃ ሁለተኛ ቅጂ እንዲቀመጥም አደረግን። አራት በር ቢኖረው ቤቱ አንድ ነው፤ አንድ ቤት ይቃጠላል። ይህችን ለማወቅ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ሰው ፈጀሁ።

ኅዳር 11

ከሰዓት በኋላዎቼ ማኅደር ክፍል ሆነዋል። ቴፕ ሰካ፣ ተጫን፣ ጠብቅ፣ ንቀል። መቸኮል የለም፤ የአንድ ሰዓት ቴፕ አንድ ሰዓት ነው። መጀመሪያ ሰሞን ስልኬን እያየሁ እጠብቅ ነበር። እትዬ አንድ ቀን ስልኬን ወስደው መሳቢያ ውስጥ ከተውታል።

ስለጠፉት ሁለት ነገር አሰብን። አንደኛው የእትዬ ነው፤ የሚያስታውሱትን ይናገራሉ፣ እኔ እቀዳለሁ። "ቁጥር ሰባት፣ ልብስ ሰፊ ነበር፣ ሲናገር ያስላል…" እያሉ። ስንቱን ያስታውሳሉ! አንዳንዱ ላይ ግን ዓይናቸውን ጨፍነው ቆይተው "ሄደብኝ" ይላሉ። እኔም "አልታወሰም" ብዬ እጽፋለሁ።

ሁለተኛው የኔ ነው። በሬዲዮ እንጠይቅ አልኩ፤ ያኔ ሲተላለፍ ቤቱ በካሴት የቀዳ ሰው አይጠፋም። አለቃ ቅር አላቸው፣ ጉዳችንን በራሳችን ሞገድ? አሉ። በመጨረሻ ፈቀዱ። ዝርዝሩ ዛሬ ከቀትር ዜና በኋላ ተነበበ። መግቢያውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። "በባለሙያ ስሕተት የጠፉ" ይላል። "በባለሙያ" የሚለው ራሱ ከባድ ውሸት ነው።

ኅዳር 14

ሃያ ስምንት ካሴት መጣ! አንዱ ላይ ግማሹ የኛ ፕሮግራም፣ ግማሹ የሰውዬው ሠርግ። አሥራ ዘጠኙ ከዝርዝሩ ውስጥ ናቸው። እትዬ ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ "ኢንጂነሩ" ብለው ጠሩኝ። ሲያሾፉ ነው። ግን ጠሩኝ።

ኅዳር 17

ከምሳ በኋላ ዘበኛው ደወለ፤ ስለ ሬዲዮው ዝርዝር የመጣ ሰው አለ አለ። ሌላ ካሴት ብዬ ሮጥኩ። ሃምሳዎቹ ውስጥ ያለ ሰው፣ ኮቱን ቆልፎ ቆሟል። እጁ ባዶ ነው።

ሱቅ ውስጥ ቆሞ ሳለ ነው የሰማው። መግቢያውን አልደረሰበትም። ስሞች ሲጠሩ ድንገት የእናቱን ስም ሰማ። ባቡር ጣቢያ ትኬት ቆራጭ ነበሩ፤ ከሞቱ ዘጠኝ ዓመታቸው። ለሬዲዮ መናገራቸውን ጭራሽ አያውቅም። ከሥራ እስኪፈቀድለት ነው የዘገየው። "ድምፅዋን ልሰማ ነው የመጣሁት" አለኝ።

ቁጥር 131። ዝርዝሩን በቃሌ ይዤዋለሁ። ወደ ኋላዬ ዞር አልኩ፤ የሚነግርልኝ ሌላ ሰው ካለ ብዬ። ዘበኛው ብቻ ነው ያለው።

"የለም" አልኩት። "ነበረ። እስካለፈው ወር ድረስ እዚህ ነበረ። ያጠፋሁት እኔ ነኝ።"

አልጮኸም። ካስቀመጣችሁት መስሎኝ እኮ ነው የመጣሁት አለ፤ እንደ ይቅርታ መጠየቅ ነገር። እሱ እኔን! ምድር ብትሰነጠቅ ደስ ባለኝ። ምን እንደማደርገው ስላላወቅሁ ወደ እትዬ ይዤው ወጣሁ።

እትዬ የእናቱን ስም እንደሰሙ "ትኬት ቆራጯ" አሉ። ወንበር ሰጡት። ድምፃቸው ሻካራ ነበር፣ ወፈር ያለ፣ ከመናገራቸው በፊት ጉሮሯቸውን ይጠርጉ ነበር አሉት። እሱም ራሱን ነቀነቀ፣ እንደዚያ ነበረች። እኔ መቅጃውን ከፈትኩ። እትዬ ጉሮሯቸውን ጠርገው በእናቱ አነጋገር ጀመሩ። እንዳለ ልጻፈው፤ እንዳይጠፋብኝ።

"መስኮቴ ዝቅ ያለ ነው፣ ፊት አያሳየኝም። ሠላሳ ዓመት ያየሁት እጅ ነው። የሚመለስ ሰው ትኬቱን በሁለት ጣቱ ላጥ ያደርገዋል። የማይመለስ በሁለት እጁ ይቀበላል። አንድ ጠዋት የልጄ እጅ መጣ። አውራ ጣቱ ላይ ያለውን ቁስል ያሰርኩለት እኔ ነኝ፣ ይጠፋኛል? ድምፁን ለወጥ አድርጎ የሩቁን ከተማ ጠራ። ሳይነግረኝ ሊሄድ ነው። ቆርጬ ሰጠሁት። ቀና ብዬ ካየሁት ይቀራል ብዬ ፈራሁ። በሁለት እጁ ተቀበለኝ።"

ሰውየው አውራ ጣቱን አየ። "አውቃ ነበር?" አለ። እትዬ አዎ አሉ። "ሠላሳ ሁለት ዓመት፣ አላየችኝም እያልኩ…" አለና አልጨረሰውም። አለቀሰ። እትዬም። እኔም፤ ምን ልደብቅ።

ቅጂውን አስቀመጥኩለት፣ እዚህም እዚያኛው ሕንፃም። ሸኘሁት። ደረጃው ላይ ቆመና ጠየቀኝ። በቁጣ አይደለም፣ ማወቅ ፈልጎ ነው።

"አንተስ ሰምተሃት ነበር?"

አልሰማኋትም አልኩት። አሥራ አንድ ሺህ ሰው ከሳጥን ወደ ሳጥን ሳጓጉዝ አንዱንም አልሰማሁም።